እናቴን ከጀርባዋ ሆኜ ስጠራት

ባለፈው ሳምንት እኔ ወደምሠራበት ፍኖተ ሰላም ለተግባር ልምምድ የመጣች ተማሪ፣ «የሰው ጆሮ ሲመረምሩ ሁልጊዜ አፍዎን የሚሸፍኑት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ ግን የተማርኩት ቡሬ አጠገብ፣ እናቴ ቤት ነው።

የንግግርና የመስማት ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት ዕረፍት ስንበተን የአሥር ሰው ጆሮ ፈትሸን ውጤቱን ጽፈን እንድንመጣ ታዘዝን። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከደምበጫ ጀምሮ አልተለየንም፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለውን ጭቃ ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርኩት። እናቴ እግሬን አጥባ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

በማግሥቱ «ከአንቺ ልጀምር፤ የምልሽን ድገሚ» አልኳትና አፌን በደብተር ጋርጄ «በሬ» አልኩ።

«ደብተሩን አንሺው እንጂ!» አለች እየሳቀች።

የምትቀልድ መሰለኝ። ድንች ልትልጥ ዞር ስትል ከጀርባዋ ቆሜ «እማዬ» አልኩ። ዝም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዝም። «እማዬ፣ እባብ!» ብዬ ጮህኩ። ልጣጩ እንኳ ሳይበጠስ መላጧን ቀጠለች።

ለካ እናቴ ስታነጋግረኝ የኖረችው ከንፈሬን እያየች ነው! ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የዚያን ዓመት ታይፎይድ ጥሎኝ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ደውዬ «ታምሜያለሁ» ስላት፣ «እሰይ ልጄ፣ ተመስገን!» ነበር ያለችኝ። እያለቀስኩ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሁለት ወር አኩርፌ አልደወልኩም።

ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነገርኳት። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«ታመሽ ነበር?» አለች። «በስልክ እኮ ድምፅሽ እንደ ንብ ይነዝርብኛል እንጂ ቃሉ አይለይልኝም። ከደወለች አለች፣ ካለች ተመስገን ነው እያልኩ…»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብዬ ነዋ!»

ስመረቅ ባሕር ዳር ወስጄ የመስሚያ መሣሪያ አስገጠምኩላት። መጀመሪያ የቆርቆሮው ዝናብ ረበሸኝ ብላ አወለቀችው። በሰንበቱ ከቅዳሴ ስትመለስ ግን «ቄሱ ለካ ድምፃቸው ሻካራ ነው!» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ሳስበው የምደነግጠው በራሴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጆሮ እየተማርኩ፣ ካኮረፍኩበት ሁለት ወር በቀር በየሳምንቱ እየደወልኩ፣ እናቴን «ደህና» ተብሎ የማይመለስ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።