የጓያ እንፋሎት

እናቴ ጓያ ስትቀቅል ቤት ውስጥ ሰው አይቀመጥም ነበር። ድስቱን ከጣደች በኋላ ሁላችንንም ታስወጣናለች፤ እሷ ራሷ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ክዳኑን ከሩቅ በእንጨት ገፋ አድርጋ ትመለሳለች። «እንፋሎቱ ጅማት ይይዛል፤ ሰው የሚሰብረው እሱ ነው» ትላለች። አገሩ ሁሉ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ጓያ የሰበረው ሰው በየመንደሩ አይታጣም። እንፋሎቱ ወጥቶ ሲያልቅ እንገባና ንፍሮውን እስክንጠግብ እንበላለን። ይህ ነገር አንድም ቀን አስገርሞኝ አያውቅም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ገብሱ ሳያፈራ ጥሎን ሄደ። ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ የቀረው ጓያ ብቻ ነበር፤ እሱ ድርቅም አይገደው፣ ጎርፍም አይገደው። ጠዋት ቂጣው፣ ቀን ቆሎው፣ ማታ ንፍሮው፣ ሁሉም ጓያ ሆነ። ጎረቤት «እንዴት ልትዘልቁት ነው?» ሲለን እናቴ «የጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ብላ ትስቃለች። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም። ቤተሰቡ ግትሯ ይለኛል፤ አልዋሹም።

አባታችን ሞቷል። የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሚስት ልናጭለት ስንዶልት የነበረ ጎረምሳ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ የበሩ ደፍ ላይ ተደናቅፎ ወደቀና ሳቀ። በሳምንቱ አካሄዱን አየሁት፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ። ከዚያ የወይራ በትር ቆረጠ። «ምን ልታደርግበት ነው?» ስለው «ለውሻ» አለኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እሱ ውሻ የሚፈራው? አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ።

በነጋታው አጅባር ከተማ ወስጄ ለሐኪም አሳየሁት። ሐኪሙ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና ምን እንደምንበላ ጠየቀን። ሁሉንም፣ ከእንፋሎቱ እንደምንሸሽም ጭምር ነገርኩት።

«እንፋሎቱ ምንም አላደረገም» አለኝ። «መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። እናንተ ከእንፋሎቱ ትሸሻላችሁ፣ ፍሬውን ትበሉታላችሁ።»

ይድናል ወይ አልኩት። የተያዘው እግር ወደ ነበረበት አይመለስም አለ። መብላቱን ካላቆመ ደግሞ አንዱ በትር ሁለት ይሆናል፣ ከሁለት በትር በኋላ መዳህ ነው። ሰውየውን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። ሌላ እህል የለንም ስለው፣ «እንግዲያው ቂጣና ቆሎውን ተዉት» አለ። «በብዙ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊ፣ እንደገና ቀቅለሽ ድፊ፤ ሦስት ጊዜ። ገብስ ባገኘሽ ቁጥር ቀላቅይበት።»

ወንድሜ መንገዱን ሙሉ በበትሩ እየተደገፈ ከኋላዬ መጣ። እኔ በልቤ ምዬ ነበር፤ ይህ በትር ሁለት አይሆንም።

ሐኪሙ ያለውን ስነግራት እናቴ ሰምቼባት የማላውቀውን ጩኸት ጮኸች። «ውሃ ልትደፊ?» ምንጩ ገደሉ ግርጌ ነው፤ አንድ እንስራ አውጥቶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የእሷ ጭንቀት ግን ውሃው ብቻ አልነበረም። «ደግሞ ስታጠነፍፊው እንፋሎቱ ፊትሽ ላይ አይደል የሚወጣው? አንድ የተሰበረ ልጅ አነሰኝና አንቺን ልድገም?»

«እንፋሎቱ አይሰብርም እማ። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ሐኪሙ ጓያ ቀቅሎ ያውቃል?»

የድስቱን ውሃ ደፋሁት። እሷ አጥሩ ጋ ቆማ ታማትባለች፤ «ያረቢ፣ እመብርሃን፣ ልጄን» ትላለች። ውሃውን እኔው ቀዳሁ፣ እኔው ደፋሁ። ወንድሜ አፍሮ «ተይው እህቴ፣ እግዜር እንደ ፈቀደው ልሁን» ሲለኝ «ዝም ብለህ ብላ» አልኩት። ክፉ ሆኜ ከረምኩ።

በመሀሉ በእርዳታ ስንዴ ለሚከፈል የእርከን ሥራ ማሻ በሚባል አገር ተመዘገብኩ። አራት ቀን እዚያው ማደር ግድ ሆነ። ስወጣ እናቴን «ደፍተሽ ስጪው፤ ካልሆነ ጦሙን ይደር» አልኳት። ድስቱን አየት አድርጋ አማተበች። አራቱንም ቀን ድንጋይ ስሸከም የሚታየኝ ያው የድሮው ንፍሮ ወንድሜ ፊት ሲቀርብ ነበር።

ስንዴዬን ተሸክሜ ስመለስ የቤቱ ጓሮ ረጥቧል። ገባሁ። እናቴ ድስቱን አዘንብላ ታጠነፍፋለች፤ ፊቷ በእንፋሎቱ ውስጥ አይታይም። አፍንጫዋን ትሸፍንበት የነበረውን ነጠላ የጋለውን ድስት ይዛበታለች።

«ሦስተኛው ነው» አለችኝ ሳትዞር።

እኔም ሐኪሙን አመነችው ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ከእራት በኋላ ግን እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ስትዳብስ አየኋት። ተነሳችና ከምድጃው እስከ በሩ ሄደች። «እስቲ እይልኝ፤ ተረከዜ መሬት ይነካል?» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሐኪሙንም እኔንም አላመነችም። በቀን ሦስት ጊዜ ፊቷን እዚያ ውስጥ ስትከት እግሯን የምትሰጥ መስሏት ነበር።

«ይነካል» አልኳት። «ካላመንሽ ታዲያ ለምን ደፋሽው እማ?»

«ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብዬ» አለች። «እኔ ደግሞ ከዚህ ወዲያ እግሬን የት ልሄድበት ነው።»

ከዚያ በኋላ አዲሱ ገብስ እስኪደርስ ድረስ እየተፈራረቅን ደፋን። እናቴ ረጅም ዕድሜ ኖረች፤ እስክትሞትም የጓያን እንፋሎት ትፈራ ነበር። የቀብሯ ዕለት ወንድሜ ከአስከሬኑ ኋላ ኋላ ዳገቱን ወጥቶ ቤተክርስቲያኑ ድረስ ሸኛት፤ በአንድ በትር።