ቡሬ ግድግዳ ላይ የቀረው ፎቶዬ

ቡሬ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት ስሠራ የቤቱ ባለቤት እንደ ታላቅ እህት ነበረችኝ። አራስ ሳለሁ ገንፎ ይዛ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር፤ ሴት ልጄንም ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በስም ተጠራርተን አናውቅም፤ አበልጅ ነው የምንባባለው።

ፍኖተ ሰላም የሆስፒታል ሥራ ሳገኝ፣ ለደንበኛ እንዲታይ የተሰቀለውን፣ ፎቶዬ ያለበትን የሙያ ፈቃዴን ቅጂ ከግድግዳው እንድታነሳው ለመንኳት። በኋላም በስልክ ጠየቅኋት።

«አውርጄ ቆልፌበታለሁ፣ አበልጅ። አታስቢ» አለችኝ።

አምኛት ኖርኩ።

አንድ ቀን ከሽንዲ በኩል የመጡ ገበሬ ሆስፒታላችን ለተኛችው ሚስታቸው የታዘዘውን መድኃኒት ሊወስዱ ወደ መስኮቴ ቀረቡ። ሴትዮዋ ደም አስመልሷት ነበር የገባችው። ሰውየው ትክ ብለው አዩኝ።

«ቡሬ መድኃኒት ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ከለቀቅሁ ቆየሁ፣ አባቴ።»

«ፎቶሽማ አለ። ጉልበቷን ሲያማት ማስታገሻ የገዛሁላት እሱን አይቼ ነው። የተማረች አለችበት ብዬ።»

«ጨጓራ እንዳለባት ጠየቋችሁ?»

«ፎቶሽ ምንም አልጠየቀንም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ጨጓራ ያለበት ሰው ያን ማስታገሻ ሲወስድ ሊደማ ይችላል። ሳይጠየቅ አይሰጥም። በዚያ ቤት ሳለሁ ሳልጠይቅ የሰጠሁት ሰው አልነበረም። ይህን ሳልነግራቸው የታዘዘላትን መድኃኒት ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። ከመደርደሪያው ፊት ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ የማላውቃት ልጅ ቆማለች። ከራሷ በላይ፣ ፈቃዴ ላይ ባለው ፎቶ፣ እኔ በመስታወት ውስጥ ፈገግ ብያለሁ። አበልጄ ከጓዳ ወጥታ ልትስመኝ እጇን ዘረጋች።

«አወረድኩት ብለሽኝ አልነበር?»

«ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠፋ። ታዲያ ቤቱ ይዘጋ? የባዳ ስም አልሰቀልኩ፤ የራሴን ሰው ነው የሰቀልኩት።»

«ሴትዮ ልትሞት ነበር።»

«ያንቺን ልጅ ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ እኔ፣ ዛሬ ከሳሼ ልትሆኚ ነው?»

ወንበር ላይ ወጥቼ ፈቃዴን ከነመስታወቱ አወረድኩና በቀጥታ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በዚያው ሳምንት ቤቱ ታሸገ። ሴትዮዋ ድና ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ባሌም «አበልጅ እንዴት ይቆረጣል?» እያለ ወተወተኝ። ተሳሳምን፤ ታረቁ ተባለ። በዓል ሲሆን ለልጄ ቀሚስ ትልክላታለች፣ ልጄም ደስ ብሏት ትለብሰዋለች። እኔ ግን ስልኩ ጮኾ «አበልጅ፣ እንዴት ነሽ?» ስትለኝ፣ ደህና ነኝ ከማለት ያለፈ የምነግራት ነገር የለኝም።