የቀበናው አግዳሚ

በደርግ ዘመን የተወረሰው የሳሙና ፋብሪካችን ከቀበና ወደ ካራ ሲዛወር፣ ዕቃው በሁለት ቀን ተጭኖ አለቀ። ያስቸገረው የእግር ኳስ ቡድናችን ነበር። በወረቀት የፋብሪካው ይሁን እንጂ የቀበና ሰው የራሱ አድርጎት ኖሯል። አምበሉ እኔ ነበርኩ። የግቡን እንጨት ከእንጦጦ ተሸክሞ አውርዶ የተከለው ደግሞ አባቴ ነው።

እንጨቶቹን ልንወስድ የሄድን ዕለት አባቴ ከቋሚዎቹ ላይ የወረደው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

"ቋሚዎቹን ውሰዱ። ይቺን ግን አልሰጥም። ካራ ድረስ ሄጄ ላያችሁ ነው?"

ወደ ቤት ወስዶ አጥር ጥግ አጋደመው፤ እናቴም ልብስ ታሰጣበት ጀመር። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ለመነው እንዳይባል በየማለዳው በአግዳሚው አጠገብ እያለፍኩ ሥራ እሄድ ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

ካራ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የከብት ማሰማሪያቸውን ሰጡን። አንደኛው ግብ ላይ በአግዳሚው ፋንታ ገመድ ወጠርን። ገመድ ደግሞ ምን ይመሰክራል? ኳሷ ከላይ አለፈች፣ የለም ከታች ነው፣ በየጨዋታው ጭቅጭቅ ሆነ። ደጋፊዎቻችን ላሞቹ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ ዳኛው ተማረረና "ለዋንጫው ጨዋታ አግዳሚ ካላቆማችሁ በፎርፌ ተሸንፋችኋል" አለን።

"ባሕር ዛፍ ሞልቶ! አንዱን ልቁረጥላችሁ፣ ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው።

"ይቆዩ አባባ፣ ይመጣል" አልኩ። ምን እንዳናገረኝ ዛሬም አላውቅም። ጓደኞቼ አብደሃል አሉኝ። ያን ዕለት እራት ላይ፣ አባቴ እየሰማ፣ ነገሩን ሁሉ ለእናቴ አወራኋት። እሱ የራዲዮኑን ድምፅ ጨመረ።

እሁድ ተሰልፈን ቆመን ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ከኮተቤ በኩል ሆታ ተሰማ። ቀበና ከቀበሌ ስብሰባ እንደወጣ በእግሩ መጥቷል! ከፊት አባቴ፣ አግዳሚው ትከሻው ላይ፣ ጎረቤታችን ከኋላ ጫፉን ይዞ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አባቴ እኔን ዞር ብሎ ሳያይ "መዶሻ አምጡ!" እያለ ያዝዝ ጀመር።

አንድ ለባዶ እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚያችን አጥቂ የመታት ኳስ በረኛችንን አለፈች። አለቀልን ስል አግዳሚውን ጓ አድርጋ ተመለሰች። አባቴ "እኔ ነኝ የመለስኳት! እኔ!" እያለ ሜዳው መሃል ገባ፤ ዳኛው ማስወጣት አቃተው። ዋንጫው የኛ ሆነ። ሽማግሌው ገበሬ እንኳ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሱ ከቀበና ሰው ጋር ጨፈሩ።

ሰዉ ሲበተን የአግዳሚውን ምስማር መንቀል ጀመርኩ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለኝ አባቴ።

"ወደ ቤት ልንመልሰው ነዋ። ያንተ አይደል?"

ያበጠ ትከሻውን እያሻሸ ተቆጣኝ።

"እዚሁ ተወው! በየእሁዱ ከቀበና እየተሸከምኩ ልመጣ ነው እንዴ?"