ሦስት እግር በአንድ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ቤቴን ሞልቶ ጠበቀኝ። ልጄ ማርታ ባለስድስት እግር ሮቦቷን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ፣ ሲጢጥ የሚለውን መገጣጠሚያ በዘይት ታብሳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ቴሌቪዥን ስፈታና ስገጥም ውዬ ስለመጣሁ ወገቤ አልታጠፍ ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ካዛንቺስ ወደነበረው፣ ዛሬ በቦታው ሰፊ መንገድ ወደሚያልፍበት የወላጆቼ ቤት መለሰኝ።

አባታችን በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተበላሸ መኪና በጆንያ ጠቅልለው ያመጡና፣ በመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ በዚያ ዘይት ያብሱ ነበር። የመሣሪያ ሣጥናቸው ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ታስሮ ይውላል። ሣጥኑ ውስጥ ከክብሪት እንጨት የማይበልጡ ካቻቢቴዎች፣ ጫፋቸው የሾለ ፒንሳዎችና አፏ እንደ መርፌ የቀጠነ የዘይት ቆርቆሮ ነበሩ። እኔና በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ሙሉ በሩቁ ማየት ይፈቀድልን ነበር፤ መንካት ግን አይታሰብም።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገን ሳለን፣ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ተናገሩ። በመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር እየገባ፣ የጽሕፈት መኪናው አንድ በአንድ ወደ መጋዘን እየወረደ ነበርና፣ ሙያቸው ከእሳቸው በኋላ ሰው እንደማይኖረው ገብቷቸው ነበር መሰለኝ።

«በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ማንም ሳይደግፈው የሚሄድ ነገር እስከ ገና ያሳየኝ ልጅ ቁልፉን ይወስዳል። ቅዳሜም ከጎኔ ይቀመጣል» አሉ። ከሁለት አንዳችን ማለታቸው ነበር፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። ሙሉም ይህን አይታለች።

ኦቾሎኒ በተጠቀለለበት የፈረንጅ መጽሔት ቁራጭ ላይ እንደ ነፍሳት በስድስት እግር የሚሄድ ማሽን ሥዕል አይቼ ስለነበር፣ የምሠራውን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ከሞተ ቴፕ ሞተሩን አወጣሁ፣ ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት ጥርሳም ጎማዎቹን ነቀልኩ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ገላ ሆነልኝ፣ እግሮቹን ከአሮጌ ጃንጥላ ዘንጎች ቆረጥኩ። የደከመ ባትሪ ድንጋይ በዝናብ መሐል ብልጭ በምትል ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ሮጬ ገብቼ እሞክር ነበር። ያን ጊዜ ድካም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ አሁን ማሰቡ ራሱ ያደክመኛል።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ማሽኔ ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀሳቀሰና በጎኑ ወደቀ። በየቀኑ ይወድቅ ነበር። እግር አረዘምኩ፣ አሳጠርኩ፣ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ጫማ አለበስኩት፣ ወለሉን ወነጀልኩ፣ ባትሪውን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እኔ የማውቀው አካሄድ በየማለዳው በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ በፊሽካ የምንሄደውን ነበርና፣ የማሽኑን እግሮችም እንደ ተማሪ አሰልፌያቸው ነበር፤ ሦስቱ የግራ እግሮች አብረው ይነሳሉ፣ ቀጥሎ ሦስቱ የቀኝ። በግራ በኩል ያለው ሁሉ አየር ላይ ሲሆን ማሽኑ ወደ ግራ ካልወደቀ ወዴት ይወድቃል? ሰው ሁለት እግር ስላለው ያመልጣል እንጂ፣ ትእዛዝ ብቻውን ሚዛን አይሆንም። ይህን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከማን እንደተማርኩት ግን አልነገርኳቸውም ነበር።

አካሄዱን ላጠና ብዬ አንድ በረሮ በመርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ባስቀምጥም፣ ወይ ሳላየው ይሮጣል፣ ወይ በጀርባው ተኝቶ ይውላል። ሙሉ ታሾፍብኝ ነበር። «እማዬ መርዝ ትረጫለች፣ አንተ ትቀልባለህ። የዚህ ቤት በረሮ በማን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል» ትላለች፣ እማዬም እየሳቀች ብልቃጡን ከምግብ ጠረጴዛ ላይ እንዳነሳ ታዘኛለች።

ኅዳር ሲታጠን፣ እንደ ልማዱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ከምሮ አቃጠለ። ጭሱ ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ማድ ቤት ገብቶ ተኛ። ሙሉ ድስት እያጠበች ሳለ ጭሱ ያፈዛቸው በረሮዎች ከግድግዳው ስንጥቅ እየወጡ በዝግታ፣ እንደ ሽማግሌ እያሰቡ መራመድ ጀመሩ። ሌላ ሰው ቢሆን በጫማው ይጨርሳቸው ነበር። እሷ እጇን ከነአረፋው አንጠልጥላ ቁጢጥ ብላ አየቻቸው፣ ከዚያም መጥታ ነገረችኝ። በረሮው የግራውን የፊትና የኋላ እግር ከቀኙ መካከለኛ ጋር አብሮ ያነሳል፤ የቀሩት ሦስቱ መሬት ላይ ይቆያሉ። «ሁልጊዜ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ድስትሽን እጠቢ» አልኳት።

በማግስቱ ቅዳሜ እማዬ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ሰልፉ ረዝሞ፣ ዱቄት ለብሼ ስመለስ፣ ማሽኔ እንደተውኩት አልነበረም። እግሮቹን የሚያነሱት ጠማማ ሽቦዎች በአዲስ መልክ ታጥፈዋል፤ ፒንሳ ስላልነበራት በጥርሷና በበር ማጠፊያ ነበር ያጠፈቻቸው። «ሞክረው» አለች። ባትሪውን አገናኘሁ። ከአልጋው ሥር ተነስቶ፣ ሲሚንቶውን አቋርጦ፣ አንድም ጊዜ ሳይንገዳገድ በሩ ጋ ደረሰ። ሙሉ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ትንሽ ይደማ ነበር፣ እሱን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ «ለአባባ አብረን ነው የሠራነው በላቸው» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ አባባ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ማሽኑ ሄደ። እግራቸው ሥር ደርሶ ጫማቸውን ሲገፋ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ሽቦዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህን ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«ብቻዬን ነው።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የራስህ ከሆነ ግን ይድመቅልህ» አሉና ቁልፉን ከማተባቸው ፈትተው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ሙሉ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እኔን ጠየቁኝ እንጂ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

በጋውን ሙሉ ማሽኑን ሳሻሽል ከረምኩ። ከጊታር ክር አንቴና ሠርቼለት፣ ግድግዳ ሲነካ ወደ ኋላ እንዲመለስ አደረግሁት፤ ይህን በእውነት ብቻዬን ነው የሠራሁት፣ እስከ ሰኔም ፈጅቶብኛል። አባባ ግን ከቀድሞው የበለጠ አልተደነቁም፤ እኔም «ብቻዬን ነው» ስል ራሴን የማምን አልመሰለኝም። ቅዳሜ ከጎናቸው እቀመጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሙሉ ሻማ ይዛ ትቆምልናለች፣ ሽቦው ላይ ግን አታይም፤ ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ከዚያ ሣጥን ነው የተማርኩት። ኮሌጅ አልገባሁም፣ አስተማሪም አልነበረኝም፤ ራዲዮ ፈትቼ፣ ቴሌቪዥን አበላሽቼ፣ ስልክ ጠግኜ ቤተሰብ አስተዳደርኩ። በራሴ ጥረት ነው ያደግሁት እያልኩ ልጆቼን ስገሥጽ ኖሬያለሁ። ሙሉ ኡራኤል አካባቢ ባለ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ናት። ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲበላ ባለሙያ ከመጥራታቸው በፊት እሷን እንደሚጠሯት የሥራ ባልደረቦቿ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ያን ምሽት ማርታ፣ እግሮቹ ለምን ሦስት ሦስት እየሆኑ እንደሚነሱ ለታናሽ ወንድሟ ስታስረዳ ቆይታ፣ «ይህን መጀመሪያ ያየው ማን ይሆን አባዬ?» ብላ ጠየቀችኝ። አክስትሽ አልኳት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ለአክስቴስ ነግረሃታል?» አለችኝ።

በማግስቱ ሙሉ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ካፌ ገባን። በልጅነቴ ሰጥቻት ያጠፍኩትን ቃል፣ ለአባባ የዋሸሁትንም፣ በዚህ ዕድሜዬ ነገርኳት። ልጅነት ነው፣ ረስቼዋለሁ እንድትለኝ ጠበቅሁ። ማኪያቶዋን አማሰለች።

«ቁልፉን አልፈልገውም ነበር እንድልህ ነው የመጣኸው» አለች። «ዳዊት፣ እፈልገው ነበር። ያን ቀን ፀጉሬን ሁሉ ተበጥሬ ነበር እኮ።»

አልተቆጣችም። የማርታ ሮቦት ደረጃ ይወጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ገና ነው አልኳት፣ ከዚያ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልሂድ ብላ ተነሳች። ሂሳቡን እኔ ልክፈል ብል እንኳ ከለከለችኝ።

አሁን በቤቴ መሣሪያ አይቆለፍበትም፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል፣ የፈለገ ያነሳል። ያኔ አንድ ሣጥንና አንድ ቁልፍ ነበረን፤ ዛሬ ማርታ አሥራ ስምንት ሞተር ያለው ማሽን አላት፣ የሚያዝዘውንም ፕሮግራም ራሷ ትጽፋለች። ከአባባ የተሻልኩ ነኝ ማለት እወድ ነበር። ነገር ግን ትናንት ሁለቱ ልጆች ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው ሳሉ «አባዬ፣ ካቻቢቴ» ስባል፣ የጠራችኝ ማርታ ሆና ሳለ፣ እጄ ወደ ወንዱ ልጅ ተዘረጋ። ልጁ ሳይቀበለኝ መለስኩትና ለእሷ ሰጠኋት። ሁለቱም ልብ አላሉም። በዚህ ዕድሜ እጅን በየቀኑ መመለስ ያደክማል።