ከዛፉ ማዶ

ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ሰብስቦ እንጦጦ ጫካ ወሰደን። አሠልጣኟ ስልካችንን አስጠፋችንና «እያንዳንዳችሁ አንድ ዛፍ ምረጡ፤ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ዝም ብላችሁ ተንፍሱ» አለችን። በደን መታጠብ ይባላል አሉ። ባልደረቦቼ ሲሳሳቁ እኔ ሳላስበው ወደ አንድ ትልቅ ጥድ ሄድኩ። ቅርፊቱ ጀርባዬን ሲቆረቁረኝና ያ ሽታው ሲመጣብኝ፣ ጥርሴን እየቀየርኩ ወደነበርኩበት ዘመን፣ አገሬ ሞላሌ አጠገብ ወዳለችው የማርያም ደን ተመለስኩ።

ያን ዓመት እናቴ ቤሩት ሄዳ ነበር። እንዳልነቃ ብላ ሳትስመኝ ነው የሄደችው። አያቴ አባባ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነገር ብቻ አይችሉም። ዓይኔ እንባ ባቀረረ ቁጥር «ተይ! በቁም ሰው ላይ አይለቀስም፤ ሟርት ነው!» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኩ። አንዲት ዘለላ እንባ ከወረደች እናቴ እዚያው ሰው አገር የምትሞት መሰለኝ። ዋጥኩት። ኋላማ በሶው እንኳ ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ እህል እምቢ አለኝ።

ይህን ያየችው እታለም፣ የእናቴ ታናሽ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ሲበተን እጄን ይዛ ደኑ ውስጥ አስገባችኝ። አገራችን ነፋስ እንጂ ዛፍ አይበዛበትም፤ ምድጃችን የሚነደው ኩበት ነው። የማርያምን ጥድ ግን ማንም ቅርንጫፉን አይነካም። ጉም ከሥሩ ይተኛል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። እታለም የበግ ጠጉር ባናዋን አለበሰችኝና አንድ ወፍራም ግንድ አስደግፋ አስቀመጠችኝ።

«እኔ በወዲያ በኩል ነኝ» አለችኝ። «ካላየሁ አላየሁም። አባባ ቢጠይቁኝም አልዋሽም።»

ዞራ ከዛፉ ማዶ ተቀመጠች። አለቀስኩ። ባናው የበግ ሽታውን እየሰጠኝ፣ አፌን አፍኜ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። አይዞሽ አላለችኝም። አልፎ አልፎ ብቻ ቀስ ብላ ትስላለች፤ አለሁ ማለቷ ነው። እንባዬ ሲያልቅ የወፉ ድምፅ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማኝ ጀመር። ተነስቼ ስዞር እሷ የተቀመጠችበት ሣር ተኝቷል፤ ዓይኗም ቀልቷል።

«ብርዱ ነው» አለችኝ። ልጅ ነኝና ብርዱ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እንሄድ ነበር። እናቴ ከስንት ዓመት በኋላ በሰላም ተመለሰች፤ እንባዬ አልገደላትም። ግን እንግዳ ሆነችብኝ፤ አንቱ ልላት ምንም አልቀረኝም። እታለም ስታርፍ ደግሞ፣ ማልቀስ በሚፈቀድበት ቀን፣ አገሩ ሁሉ ሲጮህ የእኔ ዓይን ደረቀ። ከተማ አደነደናት ተባልኩ።

እንጦጦ ላይ ግን እንባዬ መጣ። ያኔ ተደብቄ ነበር የማለቅሰው፤ ዛሬ ከሥራ ሰዓት ላይ ተቀንሶ ተፈቅዶልኛል። አሠልጣኟም አየችኝና «ጎበዝ፣ ይውጣልሽ» ብላኝ አለፈች። ሲወጣልኝ ጆሮዬን አቁሜ ያቺን ሳል ጠበቅሁ። ሳይታወቀኝ ተነስቼ ዞርኩ።

ከዛፉ ማዶ ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።