ሬዚኑ እስኪደርቅ

«በሩን ዝጊው አልኩሽ!»

«ልትገድዪን ነው እንዴ? መብራት በሌለበት፣ በዚህ ሙቀት ማን በር ይዘጋል?»

«እማዬ፣ አቧራ ይገባል! ሬዚኑ ገና አልደረቀም!»

«ይግባ! ስንቅመው አይደል የኖርነው?»

እህቴና እናቴ ነበሩ። እኔ የበሩን እጀታ ይዤ፣ አንዷ ስትጮህ እዘጋለሁ፣ ሌላዋ ስትጮህ እከፍታለሁ።

ዛሬ በዚህች የወደብ ከተማችን፣ ምኒልክ አደባባይ ካለ ካፌ ተቀምጬ ከአንድ የግጥም ስንኝ ጋር ስታገል፣ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጎድጎድ ያለች ነጥብ አገኘ። ያን የጭቅጭቅ ቀን፣ እህቴ ይህን ጠረጴዛ ስትሠራ ያመለጠችን አረፋ ናት። የሬዚኑ ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ላይ መጣ።

እህቴ ፈረንጆች ቤት እያደረች የምትሠራ ልጅ ነበረች። ጠረጴዛ መሥራትን ስልኳ ላይ አይታ ተማረችና ሥራዋን ለቀቀች። ይህ ጠረጴዛ ከካፌው የመጣላት የመጀመሪያ ትእዛዟ ነበር፤ ሁለት የአሮጌ ጀልባ ሳንቃ፣ በመሃላቸው ፈስሶ እንደ መስታወት የሚደርቅ፣ ባሕር የሚመስል ሰማያዊ ሬዚን። ከተበላሸ ወደ ሰው ቤት እንደምትመለስ እናቴ ቃል አስገብታታለች።

ጠዋት ነበር ያፈሰስነው። ቀኑ እየጋለ ሲሄድ ሳንቃው ውስጡ የከረመውን አየር ይተፋ ጀመር። እህቴ የጋዝ እሳቷን ከላይ ከላይ ታሳልፋለች፤ አረፋዎቹ ፈንድተው ይጠፋሉ፣ ወዲያው ሌሎች ይተካሉ። ላቧ እንዳይንጠባጠብ ግንባሯን በሻሽ አስራለች።

በእኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ የቬንቲላተር ቁልፍ የሚያጠፋ የለም፤ መብራቱ ሲመጣ ነፋሱም አብሮ እንዲመጣ ነው። ያን ቀንም መብራቱ ድንገት መጣ። ቬንቲላተሩ የስንት ቀን አቧራውን አራግፎ ሊነሣ ሲል፣ እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ዘለለችና እንደ ሕፃን አቅፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ንቀዪው እንጂ! አንቺ ገጣሚ፣ ምን ታፈጫለሽ?»

ነቀልኩት። እናቴ እያለከለከች ሬዚኑ ላይ ጎንበስ አለች፤ አንገቷን ወደ ብርሃኑ ጠመም አድርጋ አየችው።

«እዚህ ጋ አንድ አለች።»

«የታለች?»

«ይቻትና! ዓይን የለሽም? እሳቱን አምጪው!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። «ያቻት! አመለጠችሽ! በስተግራ!» ጎረቤታችን ምን ተፈጠረ ብላ በሩን ከፈት ስታደርግ፣ እናቴ ቀና እንኳ ሳትል ጮኸች፦

«ዝጊው! አቧራ ይገባል!»

እኔና እህቴ እየሳቅን ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ ተቀመጥን።

ባለካፌው ጠረጴዛውን ወደደው፤ ሌላ ትእዛዝ፣ ከዚያም ሌላ መጣ። እህቴ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ቤት ተከራየች፤ መሥሪያዋም መኖሪያዋም እሱ ሆነ። የሄደች ቀን እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ እንዲህ አለቻት፦

«በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን። ሙቀት ነው።»

«አቧራ ይገባል፣ እማዬ» አለች እህቴ እየሳቀች።

ወጣች። እጀታውን ይዛ፣ እርጥብ ሬዚን ያለበት ክፍል ይመስል፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።