ሁለት ፊደል መሙያ

ዋቅወያ ጨመዳ ነቀምት ውስጥ ሰላምታ የማይነፈገው፣ ጨዋታ ግን የሚነፈገው ሰው ነበር። ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ሸዋርጋ «አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ዋቅወያ» ይለውና ከደንበኞቹ ጋር የያዘውን ወሬ ዋጥ ያደርጋል። ጥፋቱ የእንጀራው ነው። በደርግ ዘመን ከአንድ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ክፍል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ምስጢር ወደ ቁጥር የሚለውጥ፣ የሚመጣውንም የሚፈታ እሱ ነበር። ምን ያውቅብን ይሆን ብሎ የማይፈራው አልነበረም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል፤ እሱ ግን ሽሮውን የሚቀምስለት ጠፍቶ እንጂ ንፉግ ሆኖ አልነበረም።

ሥራው ትዕግሥት ይፈጃል። መልእክቱን በአምስት በአምስት ፊደል ይከፍልና ከሰንጠረዥ እያየ እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ይተካል። የመጨረሻው ክፍል አምስት ካልሞላ፣ ትርጉም በሌለው ፊደል መሙላት ነው ደንቡ። በ1969 ዓ.ም. አንድ ቀን ሁለት ፊደል ጎደለውና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ናጋ» ብሎ ሞላው። በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። ቢታወቅበት ከርቸሌ ያስወርደው ነበር። በሳምንቱ ከአዲስ አበባ የመጣውን ሲፈታ ግን መጨረሻው ላይ «ናጋ» አገኘ።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት እንዲህ ተባባሉ። ዋቅወያ ሰውየውን በሐሳቡ ሠራው፤ እዚሁ ነቀምት አቅራቢያ የአኖ ልጅ፣ ምናልባትም የኡኬ፣ አዲስ አበባ ላይ ቋንቋውን የሚያወራው ያጣ። ሦስት ፊደል ሲጎድል አላርፍ ብሎ ከመልእክቱ ውስጥ አንዱን «ነው» «ናቸው» ያደርግና ጉድለቱን ሁለት ላይ ያደርሰዋል። ለዚያ ሰው ሰላምታ ለማድረስ ሲል ስንቱ ተራ ሊቀመንበር አንቱ ተባለ።

በ1975 ማሽኑ መጣ። ጽሑፉን ሲመቱበት ራሱ ምስጢር አድርጎ ይልካል፤ ሰንጠረዥም እርሳስም አያሻውም። ዋቅወያ ከሥራው አልተፈናቀለም፤ የጨነቀው ሌላ ነው። ከዛሬ በኋላ ያ ሰው የለም፤ ስሙን እንኳ ሳያውቀው ሊለየው ነው። ማሽኑን የሚተክለው ኃይለጊዮርጊስ ከዚያው ከአዲስ አበባው ክፍል የመጣ ወጣት ስለነበረ፣ እንደ ምንም ደፍሮ ጠየቀው።

«እናንተ ዘንድ መልእክቴን ተቀብሎ መጨረሻው ላይ ‹ናጋ› እያለ የሚመልስልኝ ሰው… ስሙ ማን ይባላል?»

«ማን ብዬ ልንገርዎት ጋሼ?» አለ ኃይለጊዮርጊስ ብሎን እያጠበቀ። «በፈረቃ ነው የምንሠራው፤ በየዓመቱም እንቀያየራለን። መጀመሪያ የተቀበለው ሰው የነቀምት መዝጊያ ኮድ መስሎት፣ ‹ወደ ነቀምት ሲላክ ሁለት ፊደል ከጎደለ በናጋ ሙሉ› ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እኔም ስንቴ ሞልቼዋለሁ። ከአሁን ወዲያ ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል፤ ተገላገልን።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ዋቅወያን ሰላም ሲለው የኖረው የተለጠፈ ወረቀት ነበር። ሐዘን ገባው፤ ግን ለማን ይለቀሳል? ያልነበረ ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትም። ሆድ ይፍጀው አለ።

«ለመሆኑ ትርጉም አለው እንዴ?» አለ ልጁ ቀና ብሎ።

«የለውም። መሙያ ነው» አለ ዋቅወያ፣ ወንበሩንም ወደ ማሽኑ አስጠጋ።